መቂ የቀረው ሞተር

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሱቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩ። ከአባ የቀረልን የቶዮታ መለዋወጫ ሱቅ። መጀመሪያ የገባው ሰውዬ የያሪስ ዘይት ፊልትሮ አለ። የቪትዝ አወጣሁለት። "የኔ ያሪስ ነው እኮ" አለኝ። አንድ ናቸው፣ ጃፓን ስትሸጥ ቪትዝ፣ አውሮፓ ስትሄድ ያሪስ፣ አልኩት። አላመነኝም። "አባትሽ ቢኖሩ ኖሮ..." ብሎ ተወው። ይዞ ሄደ።

አባ ቢኖር በርጩማ ያወጣለት ነበር። በፈረንጅ 1999 ላይ ይጀምርና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ስታርሌት፣ ወደ ፐብሊካ... ሰውዬው ፊልትሮውን ረስቶ ይሄዳል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። አዳማ ውስጥ "ደሊል ቶዮታ" የሚሉት በከንቱ አልነበረም።

ሻይ ስቀዳ ቴርሞሱ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቀላ። ሲያቃጥል አልታወቀኝም። ቆሜ እያየሁት ነበር።

አባን ከቀበርን አርባ ዘጠኝ ቀን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሊዲ ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች። ጓደኛዬ ናት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። "አሁንም አላለቀስሽም?" አለችኝ፣ ምሳ በላሽ ወይ በሚል ድምፅ። አላለቀስኩም። የቀብሩ ቀንም፣ የሰደቃው ቀንም። አክስቴ ጓዳ ሆና "ይቺ ልጅ ደንዝዛለች" ስትል ሰምቻለሁ። ልክ ናት። ምን ላድርግ?

ወሬ ለመቀየር፣ ቶዮታ መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና ማሽን ይሠራ እንደነበር ነገርኳት። አባትየው የሽመና ማሽን ሠራ፣ ልጅየውን መኪና አማረው። "እንግዲያው እኔም መኪና ልሞክር" ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። አፌ ተንቀሳቅሷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛኪር ከሞጆ መጣ። ታላቅ ወንድሜ፣ ደረቅ ወደቡ ላይ የትራንዚት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ እማ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። እማ ዒዳ ላይ ናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ፤ እስከ ጥር ሃያ ከግቢ አትወጣም።

ከምሳ በኋላ "ሃይሉክሱን እንሽጠው" አለኝ።

"የአባ ነው።"

"አባ የለም እኮ ሑስና። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ከአሁን ወዲያ የቆመ ብረት ነው የሚሆነው።"

እሺ አልኩት። ቀላል ነበር። ምንም አልጎተተኝም። ግቢ ውስጥ የቆመ ነገር ነው፣ ይሂድ።

ገዢም አግኝቷል። ፈይሳ የሚባል የባቱ ሰው፣ አሮጌ ሃይሉክስ የሚሰበስብ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፣ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ይሁን አለ። ዛኪር ሳቀበት። "ደሊል ቶዮታ የራሱን መኪና ሞተር ይለውጣል?" ሊብሬው ላይ 2L ይላል፣ ከነቁጥሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛኪር ደወለ። ለፈይሳ የመኪናውን ታሪክ ጻፊለት፣ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም አለኝ። እሺ።

ሃይሉክስ የወጣው በፈረንጅ 1968 ነው። አራተኛው ትውልድ በ1983። የእኛው ከዚያ ነው፣ የ85። ሻንሲው ላይ LN65 ይላል። L የሞተሩ፣ N ሃይሉክስ ለመሆኑ። ይህን ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው ያወቅሁት። አባ እግሩ ላይ አስቀምጦኝ "ፊደሉ ቤተሰቡ ነው፣ ከፊቱ ያለው ቁጥር ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ነው" ይለኝ ነበር። የK ቤተሰብ፣ 3K፣ 4K፣ እነ ኮሮላ ዲኤክስ። የE ቤተሰብ፣ 2E። የL ቤተሰብ ደግሞ ናፍጣ ጠጪዎቹ። L ራሱ በ1977፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ሊትር። 2L በ1980፣ ሁለት ነጥብ አራት። 3L፣ ሁለት ነጥብ ስምንት። 5L፣ ሦስት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አገሩን ሁሉ በዶልፊን ያመላለሱት እነዚህ ናቸው።

"4Lስ አባ?"

"የለም።"

"ለምን?"

"እኔ እንጃ። ሳይወለድ ቀርቶ ይሆናል።"

የማያውቀውን አላውቅም ይል ነበር። ስለ ሞተር ዋሽቶ አያውቅም። ኦርጅናል ያልሆነውን ዕቃ "ይሄ አይደለም" ብሎ ነው የሚሸጠው። በዚህ ደንበኛ አጥቷል፣ በዚህም ደንበኛ አግኝቷል።

ጽፌ ጨረስኩ። አንድ ገጽ ተኩል። አነበብኩት። የሌላ ሰው መኪና ይመስላል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ፈይሳ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን አውልቆ ገብቶ እማን "አላህ ሰብሩን ይስጥዎት" አላት። ከዚያ ወጥቶ ኮፈኑን ከፈተ።

እኔ ከፍቼው አላውቅም። የሰው ሁሉ መኪና ኮፈን እከፍታለሁ፣ የሱን ግን አባ አያስነካም። ዘይቱን እንኳን የሚለካው ራሱ ነበር። ጠባዩ ነው ብለን ትተነዋል።

ፈይሳ ብሎኩን በጨርቅ ጠረገ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። "እህቴ፣ እስቲ ነይ እዪልኝ" አለኝ።

ብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣው 3L ነው። ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም።

ዛኪር ፊቱ ጠቆረ። ፈይሳ አላስጨነቀንም፤ "ዋናው ሞተር ከተገኘ ደውሉልኝ" ብሎ ሄደ። ካልተገኘ ችግሩ ከሱ ጋር ብቻ አይደለም። ውርሱን ወደ ስማችን ስናዞር የሞተሩ ቁጥር መታየቱ አይቀርም፣ ለዚህ ለ3Lው ደግሞ አንድ ወረቀት የለንም። ሞተሩ ካልተገኘ መኪናው አይሸጥም። በቃ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ይህን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ 2L ብዬ ነው የማውቀው። የሌላ ሰው 2L ቀጠን ሲልብኝ አርጅቶ ነው እል ነበር። ለደንበኞችም ብያለሁ... ስንት ሰው በእኔ ምክንያት ጤነኛ ሞተር አስወርዷል?

አባ ለምን አልነገረኝም?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የአባን ሰማያዊ ደፍተር አወጣሁ። በእጁ የገባውን ሞተር ሁሉ ቁጥሩን ያነሳ ነበር። ስስ ወረቀት ብረቱ ላይ ያስደግፋል፣ እርሳሱን አጋድሞ ያሸዋል፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ቆርጦ ይለጥፈዋል። እርሳሱን የምቀርጽለት እኔ ነበርኩ።

የሊብሬው ቁጥር ገጽ 31 ላይ አለ። ከሥሩ ቀን። ጥር 1995፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቫልቭ። ጥር 1996፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቫልቭ። እንዲህ እያለ እስከ አምና ጥር ይወርዳል። ሃያ ሦስት መስመር። በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ቃል፣ መቂ።

መቂ... ሽንኩርት። በየዓመቱ ጥር ላይ ሽንኩርት ላምጣ ብሎ መቂ ይሄዳል፣ አንድ ጆንያ ጭኖ ይመጣል። አዳማ ሽንኩርት የጠፋ ይመስል። አንድ ቀን እንኳን ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ደፍተሩን ይዤ እማ ክፍል ገባሁ።

"እማ፣ መቂ ምን አለ?"

ተስቢሑን መቁጠር አቆመች። "አባትሽ ጅቡቲ የሄደ ጊዜ ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ለዕቃ ሄደ ተባልን፣ ሰባት ወር ቆየ። የጎረቤት ሰው ከጅቡቲ ሲመጣ ለልጆቹ ተምር ያመጣል። አባ ከስቶ፣ ባዶ እጁን ገባ። ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

"ጅቡቲ አልነበረም" አለች እማ። "እስር ቤት ነበር። መቂ መንገድ ላይ ሰው ገጨ። ሰውየው ሞተ።"

ደፍተሩን ዘጋሁት።

"ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ስለ ሞተሩ እኔ አላውቅም፣ አላወራኝም። ቡዜ የምትባል ሴት አለች። ዒዳ ላይ ባልሆን እኔው እሄድ ነበር። አንቺ ሂጂ።"

ተነስቼ ወጥ ማማሰል ጀመርኩ። አባ ሰው ገድሏል። ጨው ጨመርኩ። የሰው ሕይወት ጠፍቷል በእጁ። አማሰልኩ። እማ ስትበላ ጨው በዝቶበታል አለች። ሁለቴ ጨምሬ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

መቂ ደርሼ መጣሁ። ቅደም ተከተሉን ሳልረሳ ልጻፈው።

በአባዱላ ሄድኩ፣ የኋላ ወንበር። ዛኪር ሞጆ ላይ ጠብቆ በመስኮት ውሃ አቀበለኝ። "ሞተሩ ካለ ደውይልኝ፣ ዛሬውኑ ኢሱዙ እልካለሁ" አለኝ። ስለ መቂው ሰው ገና አልነገርኩትም። በመስኮት የሚነገር አይደለም።

መቂ ላይ አዴ ቡዜን ታውቃቸዋለህ ስለው ባጃጅ ነጂው "ሞተራቸው የሚጮኸው?" አለኝ። በሐይቁ በኩል ወሰደኝ። ግራና ቀኙ ሽንኩርት። ከሩቅ ሰማሁት... ቀጠን ያለ፣ የማይንገጫገጭ። 2L። እንዲህ ያለ ጤነኛ 2L ሰምቼ አላውቅም። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ብረት ላይ ታስሮ፣ በቀበቶ ፓምፕ ይነዳል። ውሃው ወደ ቦዩ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አየሁ። ደፍተሩን ማውጣት አላስፈለገኝም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አዴ ቡዜ ስልሳ ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው "ኢንተላ ደሊል" አሉኝ። የደሊል ልጅ። ግንባሬን አይተው ነው። "እሱስ? ገና ጥር አልደረሰም፣ ምነው አንቺ መጣሽ?"

"መስከረም ላይ አባ..." ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ግን ገባቸው። ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ። ባላቸውን ለገደለው ሰው አለቀሱ። እኔ ልጁ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ከዚያ ነገሩኝ። አማርኛቸው ሲያልቅ ልጃቸው ኢፋ ይሞላላቸዋል። ሠላሳ ያለፈው ሰው ነው፣ እርሻውን የያዘው እሱ ነው።

"ፀሐይዋ የሾፌር ዓይን የምትወጋበት ሰዓት ነበር። ባሌ ጋሪ ይነዳል። አባትሽ አልሸሸም። አንስቶ ጭኖ ክሊኒክ ወሰደው፣ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች። ከዚያ ራሱ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ተቀመጠ። ሲፈታ ሽማግሌዎች ለጉማ አቀራረቡን። ለደሙ ካሳ ከብት ቆጠሩልኝ። ከብት አልፈልግም አልኩ። ከብት ይሞታል። መሬቴ ሐይቅ ዳር ነው፣ ውሃ የሚያወጣልኝ የለም። ባሌን የገደለው መኪና ልጆቼን ያሳድግልኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባትሽ ግን ወዲያው እሺ አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን አውርዶ ይዞት መጣ። ሌላ አሮጌ ላምጣልሽ አላለኝም። ይኸንኑ ነው ያመጣው።"

"በየዓመቱ ይመጣል" አለ ኢፋ። "ይከፍታል፣ ያጥባል፣ ይዘጋል። ብዙ አያወራም። ምሳ ይበላል። ሽንኩርት እንጭንለታለን።"

ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ሊብሬውን፣ ፈይሳን፣ ውርሱን፣ ሁሉንም። ኢፋ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ሽንኩርቱ ገና ራስ አልያዘም፣ ለአሥር ቀን ውሃ ካጣ ያልቅለታል። አዴ ቡዜ ግን "ጉማው አልቋል። አባትሽ ለእኔ ምንም የለበትም። ለእናንተ ከሆነ ውሰጂው" አሉኝ።

ስልኬ ይጠራ ነበር። ዛኪር ነው። አላነሳሁትም።

"ይቆይ" አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አዝኜላቸው ነው እንዳልል የሚያዝን ነገር ውስጤ የለም። ይቆይ አልኩ፣ በቃ። ባጃጁ ላይ ስወጣ ኢፋ ቦዩን እየጠረገ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዛኪር ጠዋት መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ፣ ልማዱ አይደለም።

"ስለዚህ አይሸጥም" አለ መጨረሻ ላይ።

"አይሸጥም።"

"የቁጥሩ ወረቀት ደፍተሩ ላይ አለ አይደል? እሱን አይተን ቁጥሩን 3Lው ላይ ብናስመታ..."

"ዛኪር።"

"እሺ። ተይው። አላልኩም።"

ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆየ። በመስኮት አየሁት፣ ኮፈኑን ከፍቶ 3Lውን እያየ ነበር። አባ ሲታሰር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጅቡቲ ላለ አባቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እማ እየተቀበለች የት ታደርገው እንደነበር እንጃ።

አባ ዋሽቶናል? አዎ፣ ጅቡቲ ብሎ ዋሽቶናል። ስለ ሞተሩ ግን ሲዋሽ ትዝ አይለኝም። "ይህ 2L ነው" ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔው ነኝ ሊብሬውን አይቼ ያልኩት። እሱ ኮፈኑን ዘግቶ ነው የኖረው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ሞተር አስቆጥሬዋለሁ... ይቺን አንዷን ሲዘል አላስተዋልኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ለፈይሳ ደወልኩ። መኪናው አይሸጥም አልኩት። "ሞተሩ ተገኘ?" አለኝ። ተገኝቷል፣ ሥራ ላይ ነው አልኩት። "ጥሩ ነው" አለ። ስለዚህ ሰው ክፉ ልጽፍ አልችልም።

እማ ትንሽ ሳል ይዟታል። ዝንጅብል አፈላሁላት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

አንዱ "የ2L ድምፄ ቀጠነ፣ ሞተር ላስወርድ ነው" ብሎ ሱቅ መጣ። ወጥቼ ሰማሁለት። ጤነኛ ነው፣ ድምፁ እንዲህ ነው፣ ሂድ አልኩት።

ሰኞ፣ ጥር 4

ምንም የለም። ቀኑ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

እማ ዒዳዋን ጨረሰች። ታጥባ፣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ ወጣች። የውጭው በር ላይ ቆማ ሰፈሩን አየችው። "ቅዳሜ መቂ እንሄዳለን" አለች። አላማከረችንም። ዛኪር "በምን?" ብሎ ሲጠይቃት ወደ ሃይሉክሱ ዞራ አየች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ዛኪር ነዳ፣ እማ መሐል፣ እኔ መስኮት ጋ። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከሱቅ ይዣለሁ፣ የአባን የመፍቻ ቦርሳም። እማ ጉልበቷ ላይ ሁለት ኪሎ ተምር ይዛለች። ለማን ነው አልኳት። "ከጅቡቲ የመጣ ነው በያቸው" አለች። ዛኪር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መኪናውን አቀዘቀዘ። እማ ሃያ አራት ዓመት ይህን ቀልድ ይዛ የተቀመጠች ይመስለኛል።

እሷና አዴ ቡዜ ተያይተው አያውቁም። ሁለቱም ቆመው ቆዩ። ከዚያ ተቃቀፉ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ ግን ሲያወሩ ዋሉ። ሽንኩርቱ እየተነቀለ ነው፣ ጆንያ በጆንያ ላይ።

እኔ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ኢፋ አስነሥቶ እስኪሞቅ ጠበቀና አጠፋልኝ። አባ የ2Lን ቫልቭ እንደሞቀ ነው የምትለኪው ይል ነበር፣ ሲቀዘቅዝ ያታልልሻል። ክዳኑን ፈታሁ። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ አምና የነካው እጅ ያስታውቃል። ክፍተቱ ለአየር ማስገቢያው 0.25 ሚሊሜትር፣ ለጭስ ማውጫው 0.36። ስሱን ብረት አስገብቼ እየለካሁ፣ እያጠበቅሁ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ስል የእጄ አንጓ የጭስ ማውጫው ብረት ላይ አረፈ።

ጮህኩ።

አመመኝ። በጣም አመመኝ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ቦዩ ጋ ሮጬ እጄን ውሃ ውስጥ ከተትኩ፣ አለቀስኩ። የጀመርኩት እጄን አሞኝ ነው። ትንሽ ቆይቶ "አባ ሞተ" ስል ራሴን ሰማሁት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ኢፋም ሰምቷል። አባዬ ሞተ። ጥር መጣ፣ እሱ አልመጣም፣ አይመጣም። እማ ልትነሳ ስትል አዴ ቡዜ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። "ተዪያት፣ ታልቅስ" አሏት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል።

ከዚያ ተነስቼ የቀሩትን ቫልቮች ጨረስኩ። ዛኪር ክዳኑን ያዘልኝ። ኢፋ ሞተሩን አስነሣው፣ ውሃው ተመልሶ መውረድ ጀመረ። ዛኪር ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ።

"2L ማለት ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

ገጽ 31 ላይ ከአባ ጽሕፈት ሥር ጻፍኩ። ጥር 2018፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቫልቭ። መቂ።

አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭነውልናል፣ በረንዳው ላይ ነው። አንጓዬ ውሃ ቋጥሯል። ብዕሩን ባጠበቅሁ ቁጥር ያመኛል።